ሰባተኛው ስም

ጥር 4
ዛሬም የመታሰቢያውን ድንጋይ አጠብኩ። አስራ አንድ ስም። የማዕድን ጉድጓዱ ተንዶባቸው እዚያው የቀሩት ቆፋሪዎች። ሰባተኛው ላይ ወፍ ኩሷን ጥላበታለች... "ምን አድርጎሽ ነው?" አልኳት። ዘበኛው ሳቀብኝ፣ "እትዬ፣ ከወፍም ጋር ወሬ?" ታዲያ ከማን ላውራ? እሱ እንደሆነ ሲያንቀላፋ ነው የሚውለው!

ቤት ስገባ እማዬ የፉጨትን አልጋ እያነጠፈች ነው። ወንድሜን፣ ሲያፏጭ ስለሚውል ነው እንዲያ የምንለው። አደጋው በደረሰ ሰሞን ጥሎን ከጠፋ ሃያ ሁለት ዓመቱ። አሁንም ይመጣል ትላለች። እኔ ግን ተስፋ ቆርጫለሁ። ልበ ድንጋይ!

ጥር 9
አንድ ሸበቶ ሰው መጡ። ሰባተኛው ስም ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።
"ዘመድዎ ናቸው?"
"እኔ ነኝ።"
ሳቅኩ... ያበዱ መስሎኝ ሳቅኩ!

ጥር 10
ሸበቶው ሰውዬ ዛሬም መጥተው ሁሉን ነገሩኝ።
ቆፋሪ ሲወርድ ቁጥሩ ያለባትን የናስ ቁራጭ ከበሩ ሰሌዳ ያነሳል፣ ሲወጣ ይመልሳል። ናሷ ካልተመለሰች ሰውየው አልወጣም ማለት ነው። አደጋው የደረሰ ዕለት እሳቸው ጠጥተው መቆም አቅቷቸዋል። አንዴ ደግመው ከሥራ ከቀሩ ይባረራሉ። "አንተ ተኛ። እኔ እረፍት ነኝ፣ በአንተ ናስ እወርዳለሁ" አላቸው ጓደኛቸው።
"ማን?" አልኩ። ልቤ አውቆታል እኮ...
"ፉጨት።"
የሱ ናስ ሰሌዳው ላይ ስለተገኘች አልወረደም ተባለ፤ የሰውየው ስላልተመለሰች ሞቱ ተብሎ ስማቸው ተቀረጸ። በዋዜማው ደግሞ ከእማዬ ጋር ተጣልቶ "ጥያችሁ ነው የምሄደው!" ብሎ ነበር። በቃ፣ ሄደ አልን።
"ምነው ይህን ሁሉ ዓመት ዝም አሉ?"
"ፈራሁ፣ ሸሸሁ። ፈላጊ ዘመድ አልነበረኝም። ኋላ አፈርኩ... ኋላ ዘገየ።"
በየማለዳው በእጄ ሳብሰው የኖርኩት እሱን ነው? እየረገምኩት?

ጥር 11
እማዬን ምን ልበላት? በተስፋ የቆመች አሮጊት... ብትወድቅብኝስ?

ጥር 13
ነገርኳት። ሰውየው በር ላይ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። እማዬ ክንዴን ያዘች።
"ጥሎኝ አልሄደማ!" አለች።
ከዚያ ወደ በሩ ዞራ፣ "አንተ ደግሞ ምን ይገትርሃል? ግባና ተቀመጥ። የዚያን ቀን ሁሉንም ንገረኝ።"

ሚያዝያ 3
የመታሰቢያው ኮሚቴ ፈቅዶ ድንጋይ ጠራቢው መጣ። ሰባተኛውን ሲፍቅ ዱቄቱ የሰውየው ጫማ ላይ ይወርዳል። አላራገፉትም።
"ማን ብዬ ልጻፍ?"
የወንድሜን ስም ነገርኩት። "ከጎኑ ፉጨት በልበት፣ አለዚያ ማንም አያውቀውም" አልኩ።

ቤት ስገባ አልጋው የለም። እማዬ አስወጥታዋለች። ወደ ጓዳ ሳልፍ ግን... እንደ ድሮዬ አልጋው የነበረበትን ባዶ ቦታ ዞሬ አለፍኩ።