እስከ ኅዳር ሚካኤል

እሑድ፣ ኅዳር 8

አልጠጣሁም። መጀመሪያ እሱ ይጻፍ፤ የቀረው ይደርሳል።

ትርፌ ከቅዳሴ መልስ ነጠላዋን ሳታወርድ ቤቴ ገባች። ጎረቤቴም ማኅበርተኛዬም ናት፤ ድምጿ ከሰውነቷ ይበልጣል። "ጠላሽን ጠምቄልሻለሁ! ማክሰኞ አመጣዋለሁ። ሐሙስ ሚካኤል ነው፣ ማኅበሩም ያንቺ ተራ ነው፣ ስለትሽም በዚያው ቀን ያልቃል። መጀመሪያ የምትቀምሺው አንቺ ነሽ፣ እልል ነው የምንለው!" አለች። እኔ ምን አልኩ? "እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ። ጅል!

ጉዱ እንዲህ ነው። በፍልሰታ መጠጥ ሳቆም ለሰው የምለው አጣሁ። እኔ ዘነበች፣ ምን አለሽ ተራ በሙሉ የሚያውቀኝ፣ ድራፍት ሆነ አረቄ መርጬ የማላውቅ ሴትዮ፣ "በቃኝ" ብል ማን ያምነኛል? ስለዚህ "ተስያለሁ፣ እስከ ኅዳር ሚካኤል አልቀምስም" አልኩ። ሠራልኝ። ስለት ያለበትን ሰው ማንም አይጎተጉትም። እንደውም ብርጭቆ የሚያቀርብልኝን ሰው ሌሎቹ ይቆጡልኝ ጀመር። ያኔ ኅዳር ሩቅ ነበር።

ስለት ግን የለም። ያለው ቫይረስ ነው። ለእህቴ ልጅ ደም ልሰጥ ሄጄ ነው የተገኘብኝ። ሄፓታይተስ ሲ ይሉታል፣ የጉበት ነው። ከሐኪም ቤት ሰዎች በቀር የሚያውቅ የለም። ልጄ ማርታ እንኳ አታውቅም። ሚካኤል ይቅር ይበለኝ፣ በስሙ ዋሽቻለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ሐኪም ቤት ሄድኩ። ወረፋው አያድርስ ነው።

ሲስተሯ በዕድሜ ማርታን ብታክል ነው፤ ግን ስታፈጥብኝ እፈራታለሁ። "እናቴ፣ መድኃኒቱ ገብቷል። በቀን አንድ ፍሬ ነው፣ ለሦስት ወር። አብዛኛው ሰው ይድንበታል። ምን እየጠበቁ ነው?" አለችኝ። "ምንም አያመኝም እኮ" አልኳት። "ክፋቱ እሱ ነው። እርስዎ እስኪያምዎት ቢጠብቁ ጉበትዎ አይጠብቅዎትም" አለች። እስከ ዓርብ ወስኜ እንድመጣ፣ ከቤትም የሚያስታውሰኝ አንድ ሰው ይዤ እንድመጣ ነገረችኝ። አንድም ቀን እንዳይዘለል ነው።

አንድ ሰው! ያስቸገረኝ እሱ አይደል እንዴ።

ታክሲ ውስጥ ሆኜ የማልጀምርበትን ምክንያት ደረደርኩ። ጀምሬ አንድ ቀን ብጠጣስ? መድኃኒቱንም ራሴንም አዋረድኩ ማለት ነው። ሰውስ ምን ይላል? "ድሮስ! አረቄው ነው ጉበቷን የበላው" ይላል። ማኅበርተኞቼ ከእኔ ጋር በአንድ ትሪ መብላት ቢፈሩስ? ሲስተሯ በደም እንጂ በምግብ፣ በብርጭቆ፣ በመሳሳም አይተላለፍም ብላ ደጋግማ ነግራኛለች። ግን ሲስተሯን በየቤቱ ይዤ አልዞር።

የምጀምርበት ምክንያት፦ መኖር እፈልጋለሁ። ሌላ የለኝም።

ስለዚህ ከራሴ ጋር ተወራረድኩ። ሐሙስን ሳልጠጣ ካለፍኩ ዓርብ እጀምራለሁ። ከጠጣሁ ግን ይቅርብኝ፣ አይገባኝም ማለት ነው።

ከሰዓት ሱቅ ገባሁ። ያገለገለ ጠርሙስ ነው የምሸጠው። ቆራሌዎቹ ከየሰፈሩ ለቅመው በማዳበሪያ ያመጡልኛል፣ እኔ አጥቤ ለዘይትና ለማር ነጋዴ እሸጣለሁ። የዛሬው ከሠርግ ቤት ነው መሰለኝ፣ ግማሹ የጂን ጠርሙስ ነው፣ ከሥሩ ጠብታ የቀረበት። ክዳን በከፈትኩ ቁጥር ሽታው ፊቴን ይለኛል። አፍና አፍንጫዬን በሻሽ አሰርኩ። ከጎኔ ጀሪካን የሚሸጡት ጋሼ ከድር፣ በዕድሜያቸው ጠብታ ቀምሰው የማያውቁ ሰው፣ "አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ዛሬ ሰክሬ ቤት ብገባ ኃጢአቱ ባንቺ ነው" አሉ። በሳቅ ሞትኩ። ማዳበሪያውን በሙሉ አጥቤ ጨረስኩ።

አልጠጣሁም!

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ጋኑ መጣ። ሁለት ወዛደሮች ተሸክመው ጓዳ አስቀመጡት። ትርፌ ክዳኑን ከፍታ "አሽቺው እስቲ! እንዲህ ያለ ጠላ ጠምቄ አላውቅም" አለች። እውነቷን ነው። ምራቄን ዋጥኩ። ባለፈው ጊዜ የማያሰክረውን ቅሪቦ እናድርገው ብዬ ሞክሬያት ነበር። "ለዓመቱ ሚካኤል ቅሪቦ? የልጅ ልደት መሰለሽ እንዴ!" ብላ አፌን አስያዘችኝ።

ማርታ ከሥራ ገባች። አንዋር መስጊድ አጠገብ ጨርቅ ቤት ነው የምትሠራው። ሁልጊዜ ስትገባ ትስመኛለች፣ ስትስመኝ ታሸተኛለች። አውቃለሁ፣ አልቀየማትም፤ እኔ ያስለመድኳት ነው። ዛሬ ጓዳ ገብታ ጋኑን አይታ ስትመለስ ፊቷ ተለዋውጧል። "እማ፣ የእውነት ሐሙስ ልትጠጪ ነው?" አለችኝ። "ስለቴ ያልቃላ" አልኩ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም፣ ልቀልድ ነበር መሰለኝ። "ታዲያ ሌላ ስለት እኔ ልሳልልሽ?" አለችና አለቀሰች።

ልነግራት ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። አልወጣልኝም። ሽንኩርት ልክተፍ ብዬ ተነሣሁ። ለሐሙሱ ዶሮ ነው፣ ሽንኩርቱ ብዙ ነው፣ እንደልብ ይለቀስበታል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ለጥቂት!

ማርታ ሥራ ሄዳለች፣ ቤቱ ጭር ብሏል። እኔ ለድግሱ ብዬ ሱቅ አልከፈትኩም፤ እሱ ነው ስሕተቱ። ድግስ ያለባት ሴት ጠላዋ መጥራቱን ማየት አለባት አይደል? ልየው ብቻ ብዬ ጓዳ ገባሁ። ልየው ብቻ ብዬ ከፈትኩ። ልየው ብቻ ብዬ በጣሳ ቀዳሁ። ጠርቷል፣ ኩልል ብሏል። ከዚያ ጣሳው አፍንጫዬ ሥር ደርሷል። "ዛሬና ነገን ምን ለያቸው" የሚል ነገር ውስጤ ያወራል። "ጠጪና ተገላገይ። ከጠጣሽ መድኃኒቱም ቀረ፣ ለሰው መንገርም ቀረ" ይለኛል።

ያስደነገጠኝ ይኼ ነው። ውርርዱ ለካ እንድጠጣ ያዘጋጀሁት ሰበብ ኖሯል! ራሴን በራሴ ልሸውድ!

ጣሳውን ጋኑ ውስጥ መልሼ ደፋሁት፣ ከደንኩ፣ በሩን ቆልፌ በነጠላ ጫማ ወጣሁ። እግሬ ወስዶ ጋሼ ከድር ሱቅ ጣለኝ። "ምነው፣ ጂኒ ያባረረሽ ትመስያለሽ" ብለው በርሜል ላይ አስቀመጡኝ፣ ሻይ አዘዙልኝ። ሻዩ ሳይበርድ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ስለቱ ውሸት መሆኑን፣ ቫይረሱን፣ ጣሳውን። ለምን ለእሳቸው እንደነገርኩ እንጃ። ማኅበርተኛ ስላልሆኑ ይሆናል።

ሳያቋርጡኝ ሰሙ። ከዚያ "ወንድሜን የገደለው ይኸው ጉበት ነው። ጠብታ አልቀመሰም፣ አላህ ያውቃል። ያኔ እንዲህ ያለ መድኃኒት አልነበረም፤ ቢኖር ተሸክሜ እወስደው ነበር" አሉ። ቀጥለው ተቆጡ። "አንቺ ግን መድኃኒቱ ደጅሽ ድረስ መጥቶልሽ ከጠላ ጋር ዕቃ ዕቃ ትጫወቻለሽ! ምኑ ነው የሚያሳፍርሽ? መታመሙ ነው መዳኑ?"

መልሴ ይኼ ነው። ውርርዱ ፈርሷል። ነገ የመጣው ይምጣ፣ ዓርብ እሄዳለሁ። ነገም አልጠጣም። ወደ ቤት ስመለስ ልቤ ቀልሎኝ ነበር፣ ሽንኩርቱን በዘፈን ነው ያቁላላሁት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ከጠዋት ጀምሮ ከተማው ጭስ በጭስ ነው። ኅዳር ሲታጠን ነዋ! ሰው ሁሉ ቆሻሻውን ደጁ አውጥቶ ያቃጥላል፣ የእኛ ሰፈር ደግሞ የሚቃጠል አያጣም። ማኅበርተኞቼ ዓይናቸው ቀልቶ እያሳሉ ገቡ። አባ ጸሎቱን አድርሰው፣ ጽዋውን ባርከው፣ ሌላ ቤት ስለሚጠብቃቸው ቶሎ ወጡ።

ከዚያ የፈራሁት ደረሰ። ትርፌ ጆጉን ሞልታ እጄ ላይ አስቀመጠች። ደጋሽ ለእንግዳ ከመቅዳቷ በፊት በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፤ ወጉ ነው፣ አይታለፍም። "ስለቷ ደረሰ! እልል በሉላት!" አለች ትርፌ። እልልታው ቤቱን አናጋው። ማርታ የጓዳው በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ጠብ ያደረግኩት ጠላ መዳፌ ላይ ነው፣ ይቀዘቅዛል።

"አልቀምስም" አልኩ።

ትርፌ ቀልድ መስሏት ሳቀች። "አልቀምስም። ስለት አልነበረብኝም፣ ዋሽቻችኋለሁ። ጉበቴ ላይ ቫይረስ አለ፣ ነገ መድኃኒት እጀምራለሁ። መጠጡንም ያቆምኩት ለዚሁ ነው። ሚካኤል አለፈ ብዬ አልመለስበትም" አልኩ። መዳፌን በቀሚሴ ጠረግኩት።

ወርቅነሽ፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ "በትንፋሽ ይይዛል እንዴ?" አለች። "በደም ነው። በምግብም በጽዋም አይተላለፍም፤ ካላመንሽኝ ሐኪም ጠይቂ" አልኳት። ልጄ ብቻውን ነው ብላ ወጣች። ልጇ ትዳር የያዘ ሰውዬ ነው። አልዋሽም፣ ከፋኝ።

እትዬ አስካለ ግን፣ የማኅበራችን ሙሴ፣ መሪያችን ማለት ነው፣ ጎናቸውን መታ መታ አድርገው "ነይ እዚህ ተቀመጪ" አሉኝ። ትሪያቸውን ወደ እኔ ሳቡት። "ብዪ፤ አንቺ ካልበላሽ እኔም አልበላ" አሉ። አብረን በላን፣ እጃችን እየተጋጨ። "እትዬ፣ ሚካኤል ይቆጣኝ ይሆን?" አልኳቸው ቀስ ብዬ። "ምን ያስቆጣዋል? በስሙ ዋሽተሽም ጠበቀሽ። በይ አሁን የእውነቱን ተሳይ" አሉ። "አይ እትዬ፣ ስለት እንኳ በቃኝ። መድኃኒቴን ብውጥ ይሻለኛል" ስላቸው ሳቃቸውን ለቀቁት። ቤቱ በሙሉ ተከተላቸው።

ትርፌ ብቻ አኮረፈች። "እኔ ጌሾ እየወቀጥኩልሽ አንቺ ይኼን ሁሉ ይዘሽ ዝም? እኔ ማን ነኝ?" ብላ አለቀሰች፣ ሰደበችኝ፣ ሳመችኝ፣ እንደገና ሰደበችኝ። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ "በሉ እንግዲህ፣ ጠላው ምን አጠፋ!" ብላ ራሷ በመዳፏ ቀምሳ ለሁሉም ቀዳች። እኔ ውሃ ጠጣሁ። ያ ሁሉ ጠላ በግራ በቀኜ እየተቀዳ እኔ ውሃዬን ጠጣሁ! ይኼን ያየ ማን ይመሰክርልኛል? ሁሉም!

ሴቶቹ ሲወጡ ጋኑን ላጥብ ብዬ ብነሣ ማርታ ቀደመችኝ። እጅጌዋን ሰብስባ እያጠበች "ለምን አልነገርሽኝም?" አለች። "ፈርቼ" አልኳት። "ለነገ በስልክ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፣ አብሬሽ ነኝ" አለች። ጋኑን አብረን አለቀለቅነው። ደስታው አላስተኛኝ ብሎ ነው የምጽፈው።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ሲስተሯ አንድ ሰው ነበር ያለችው። ማርታ መጣች። ትርፌ ሳትጠራ መጣች። እትዬ አስካለም ከዘራቸውን ይዘው ከትርፌ ኋላ መጡ። ሲስተሯ "የሚያስታውስዎት ማን ነው?" ስትል ሦስቱም "እኔ" አሉ። ኮሪደሩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። "አንድ ይበቃል" ብትል ማን ይሰማታል! በመጨረሻ ማርታ ተመዘገበች። ትርፌ "እኔ በግድግዳው በኩል እጮኻለሁ" አለች። አትቀርም።

ፍሬዋ ያን ያህል አታስፈራም። ሲስተሯ ፊት ዋጥኳት። ስቸኩል ውሃው ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ እንጂ ፍሬዋስ ወርዳለች። እትዬ አስካለ እልል ሊሉ ሲሉ ማርታ አፋቸውን ያዘቻቸው።

ራስ ምታት ሊኖር ይችላል፣ ድካምም ሊኖር ይችላል ተብያለሁ። እስካሁን ምንም የለም። ካበቃ ከሦስት ወር በኋላ ደሜ እንደገና ይታያል፣ መዳኔም ያኔ ነው የሚታወቀው። እስከዚያ ገና አለ፣ ጥምቀት አለ፣ የሰው ሠርግ አለ፣ በየቤቱ ይቀዳል። እፈራለሁ። ግን ጀምሬያለሁ፣ ጀምሬያለሁ!

ከሰዓት ሱቅ ከፈትኩ። ቆራሌው ማዳበሪያውን ተሸክሞ መጥቶ "ትናንት ሚካኤልን እንዴት ዋላችሁ? ጠጣችሁ አይደል?" አለኝ። "እኔ እንኳ አልጠጣም፣ ጉበቴን ታምሜ መድኃኒት ጀምሬያለሁ" አልኩት፣ በሙሉ ድምፄ፣ መንገዱ እየሰማ። "እግዜር ይማርሽ እናቴ" አለና ጠርሙሶቹን ማራገፍ ጀመረ። በቃ፣ ሌላ ምንም አላለም። ይኼን ነበር እንግዲህ ያን ያህል የፈራሁት!