ከእሑዱ ቲያትር በፊት

ይድረስ ለወንድሜ ለሚዜዬ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ያ ጉንፋን ለቀቀህ? እኔ ከፍርሃቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ባሌ ቢያዝን ስልኬን መፈተሽ ስለጀመረ በወረቀት ጻፍኩልህ፤ ጎረቤቴ ዝናሽ ታደርስልሃለች። አንብበህ ቅደደው።

ሚዜዬ፣ ባሌ ሊገድለኝ ነው መሰለኝ።

ትናንት የቲያትሩ ልምምድ ላይ አልነበርክም። ባልየው በወዳጁ ሹክሹክታ ተታሎ ሚስቱን በመቀነቷ አንቆ የሚገድልበት ቦታ ስንደርስ፣ ቢያዝን እንደ ድሮው መቀነቱን አላላላውም። ትንፋሽ አጠረኝ፤ ተንፈራገጥኩ። አዘጋጃችን አያ አድማሴ ከታች ሆኖ “ሸጋ! ሸጋ! ትወና እንዲህ ነው!” ይላል። ሰው እየታነቀ ይጨበጨባል? ዛሬ ገበያ የወጣሁት አንገቴን በሻርፕ ጠቅልዬ ነው።

ጣጣው የመጣው ከአዘዞው መንገድ ነው። ማርገዜን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። “አያ አድማሴ ከሰማ የምትጫወችውን ክፍል ለሌላ ይሰጥብሻል፤ ለቢያዝንም ከቲያትሩ በኋላ ብትነግሪው ደስታው እጥፍ ይሆናል” ብለህ መከርከኝ፤ ሰኞም በባጃጅ አዘዞ ክሊኒክ ድረስ ወሰድከኝ። ታዲያ ቢያዝን በቀደም “ሰኞ አዘዞ ከማን ጋር ነበርሽ?” አለኝ። እንዳልከኝ “አዘዞ አልሄድኩም” ብዬ በማርያም ማልሁ። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ከዚያ ወዲህ አያናግረኝም። ማን ነገረው? የጠረጠርኩት የባጃጁን ሹፌር ነው፤ አስተያየቱ ያን ዕለትም አላማረኝም። ወሬኛ ይንቀለው!

እባክህ ባሌን አለሳልስልኝ፤ አንተን ይሰማል። ያን ነገር ሠሪ ወዳጅ ስትጫወተው መድረክ ላይ እኔው ራሴ አምንሃለሁ። የጓጓህለትን የባልየውን ክፍል ቢያዝን ሲወስድብህ እንኳ ስቀህ “ይገባዋል” ነው ያልከው።

እውነቱን ልንገረው እያልኩ ልቤ ይዋልላል፤ ግን ያላንተ ፈቃድ አላደርገውም። በሠርጌ ቀን አምባ ጊዮርጊስ ከአባቴ ቤት አዝለህ ስታወጣኝ፣ በሽማግሌ ፊት “ከእንግዲህ ወንድምሽ ነኝ” ብለህልኛል። እሑድ አዳራሹ ይሞላል፤ ስታነቅ ሁሉም ያጨበጭባል እንጂ ማን ይደርስልኛል? አንተ ከመጋረጃው ኋላ ትቆማለህ። ግራ እጄን ካነሣሁ ትወና አይደለምና ሮጠህ አላቅቀኝ።

አንድ ነገር ብቻ አጽናንቶኛል። ዛሬ ጠዋት ቢያዝን ጫማውን እያሰረ፣ ለራሱ፣ “ሚዜዬ ባይኖር ዓይኔ መቼ ይገለጥ ነበር!” ብሎ ሲመርቅህ ሰማሁት። ለካ ሳልነግርህ መምከር ጀምረህልኛል። እግዜር ይስጥልኝ።

የአርባ አራቱ ታቦት ጥላ አይለይህ።

አዝለህ ያወጣሃት፣
በእጅህ ያለሁት እህትህ