ወንድምህ የበላው የመመለሻ ስንቅ

ለምወድህ ባለቤቴ ለአስማረ፣

አስማርዬ፣ ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ደባርቅ እንደምታውቃት ናት። ጠዋት ጭጋጉ ከበራፋችን አይነሳም፣ ከሰዓት ደግሞ ነፋሱ ቆርቆሮውን ሊገነጥለው ይደርሳል። እኔና ልጅህ ማስተዋል ደህና ነን፤ እሷ ስምንተኛ ክፍል ገብታለች፣ ቁመቷ ከኔ በልጧል። እዚህ ላይ ጨርሼ ብሰናበትህ ደስ ባለኝ። ግን ሆዴ ውስጥ የተቀመጠ ነገር አለ፤ ላንተ ካልነገርኩህ አይወጣልኝም። ነገሩ የታላቅ ወንድምህ የጋሽ ፈንታ ነው። አስጠልቶኛል፣ አስማርዬ። ዕድሜዬን ሙሉ አንቱ ስለው የኖርኩትን ሰው በዚህ ደብዳቤ እሱ እያልኩ ብጽፍ አትቀየመኝ፤ አንቱታው ጉሮሮዬ ላይ ቀርቷል።

በመጀመሪያ ስለ ቤታችን ልንገርህ። እኔ ያው በጽዳት ሥራዬ ላይ ነኝ። ወለል ወልውዬ የማገኛት ደመወዝ በወር አንዴ ትመጣለች፣ ሌላ የሚገባ የለም። ቱሪስቱ እንደ ድሮው አይደለም። ከአንተ ጋር በየተራራው ሲያበስሉ የነበሩት ኩኮች አንዳንዶቹ ዛሬ ገበያ ላይ ድንች ዘርግተው ይቀመጣሉ። ገበያው ራሱ ያቅለሸልሻል። ቅቤ ብለው የሚሸጡት ሙዝ የተለወሰበት ነው። በጣቴ አሽቼ ሳሸተው ሻጯ እፍረት እንኳ አይታይባትም፣ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። የተፈጨውን በርበሬ ውሃ ላይ ብትበትነው ከታች አፈር ይዘቅጣል። ሰው ሰውን አፈር ያበላል? ስለዚህ ዛላውን ራሴ ገዝቼ፣ ራሴ ቀንጥሼ አስፈጫለሁ። ቅቤውንም ከተራራ ከሚወርዱ ከማውቃቸው ሴቶች ትንሽ ትንሽ እያልኩ እገዛለሁ።

የወሩን አስቤዛ እንዴት እንደማደርሰው ብታይ ትስቅ ነበር፣ ያንተው ዘዴ ነውና። ከእንግዶች ጋር ልትወጣ ስትል ስንቁን እዚሁ ወለላችን ላይ ዘርግተህ ለየማደሪያው ትከፍለው ነበር። ይሄ የሳንቃበር፣ ይሄ የጊች፣ ይሄ የጨነቅ፣ ይሄ የመመለሻ እያልክ በየከረጢቱ ታስረዋለህ። የሳንቃበሩ ሳያልቅ የጊችን የነካ ሰው ከአንተ ጋር ሰላም አያድርም። ጨው ረሳን ብለን በቅሎዋን ደባርቅ አንልካትም እያልክ ትቆጣ ነበር። የሚጥመውን ሁሉ የምታስገባው ደግሞ መመለሻው ውስጥ ነው። ሰው በመጀመሪያው ቀን ቆሎ ቢሰጡትም ይስቃል፣ ጥሩ ምግብ የሚያስፈልገው ሲደክመው ነው ትለኝ ነበር።

እኔም ደመወዝ በተቀበልኩ ማግስት ሸምቼ ወሩን አራት ከረጢት አደርገዋለሁ፣ ጓዳ ውስጥ እሰቅለዋለሁ። ሁለተኛውን ስፈታ ማስተዋል ዛሬ ጊች ገባን ትለኛለች። እንጀራውን ጤፍና ገብስ ደባልቄ እጋግራለሁ። ሽሮው ውስጥ የተቀቀለ ድንች አፈርስበታለሁ፤ ይወፍራል፣ ሽሮም ይተርፈኛል። ሽንኩርቱን በውሃ አቁላልቼ ዘይቱን መጨረሻ ላይ ጠብ አደርግበታለሁ። ባቄላውን ዘፍዝፌ ስለማሳድረው ከሰል አይፈጅብኝም። የደረቀ እንጀራ አይጣልም፣ ድርቆሽ ይሆናል። ጨነቅ ስንደርስ፣ ሦስተኛው ሳምንት ማለቴ ነው፣ ጎመንና ድንች፣ ንፍሮና በሶ ይበዛል። በዚያን ጊዜ ማስተዋል ከንፈሯን ስትጥል የመመለሻውን ከረጢት አሳያታለሁ። እሱ ውስጥ ምስር አለ፣ የተነጠረ ቅቤ አለ፣ አንተ በቅሎ ላይ እንዳይሰበር እንደምታደርገው ገብስ ውስጥ የተቀበረ እንቁላል አለ። እንዲህ እያደረግን ከማንም ሳንበደር ወር ከወር እንገናኛለን። ሆዳችን ጎድሎ አያውቅም። ምላሳችን ብቻ ነው ተራ የሚጠብቀው።

ባለፈው ወር ጨነቅ ላይ ሳለን፣ በገበያ ቀን፣ ጋሽ ፈንታ ከዳባት መጣ። ሁለት ነጋዴ ጓደኞቹን አስከትሏል። ዳባት ያለው ምግብ ቤቱ ከሰፋ ወዲህ ሆዱም አብሮ ሰፍቷል። በቤት ያለውን ጎመን በድንች አቀረብኩ። አንዴ ጎረሰና ወደ ጓደኞቹ ዞሮ፣ ወንድሜ ፈረንጅ ሲያጠግብ ኖረ፣ ሚስቱ እኛን እንደ በግ ቅጠል ታበላናለች ብሎ ሳቀ። እነሱም ሳቁለት። ከዚያ ተነስቶ ጓዳዬ ገባ። የሰው ጓዳ፣ አስማርዬ! አንተ እንኳ ሳትጠይቀኝ ገብተህ ድስት አትከፍትም ነበር። ሲያንጎዳጉድ ቆይቶ የመመለሻውን ከረጢት ይዞ ወጣ።

ቅቤና እንቁላል ተሰቅሎ የወንድሜ ልጅ ቅጠል ትበላለች? ለማን ነው የምትደብቂው? ብሎ ጮኸብኝ። ቀጥሎም በአስማረ አጥንት ይዤሻለሁ፣ አሁኑኑ ሥሪው አለኝ። በሰው ፊት። የባሏን ታላቅ ወንድም፣ በሟች ስም ተለምና፣ እህል ነፈገች ልባል? ምርጫ አልነበረኝም፣ ሠራሁት።

ሲበላ ያየሁትን እስካሁን ከዓይኔ ማጥፋት አቅቶኛል። ቅቤው በክንዱ ሲወርድ ይልሰዋል። እንቁላሉን ሳይከፍል ሙሉውን ይውጣል። አፉ ሞልቶ ያወራል፣ ምስሩ ጢሙ ላይ ይንጠለጠላል። ጠግቦ ሲያበቃ ከመጥረጊያዬ ላይ ስንጥር መዝዞ ጥርሱን እየጎረጎረ አገሳ። ማስተዋል በር ላይ ቆማ የምትወደው እንቁላል ሲያልቅ ታያለች። ለልጅቱ ብሎ የጮኸው ሰው አንድ ጊዜ እንኳ ነይ ጉረሺ አላላትም። እነሱ ሲሄዱ ትሪውን ሳነሳ እጄ ላይ የቀረው ቅባት ራሱ አንገሸገሸኝ፣ በአመድ ፈትጌ ታጠብኩ።

የጨነቅን ከረጢት አቅጥነን አቅጥነን እስከ ወሩ መጨረሻ ጎተትነው። አትበደሪ ትለኝ ነበርና አልተበደርኩም። ወሩ ሊያልቅ ሲል ጎረቤታችን እቴ አለምነሽ ከዳባት ወሬ ይዛ መጣች። ጋሽ ፈንታ የአስማረ ልጅ በረሃብ ልትሞት ነው፣ እናትየው ጓዳዋን ለሌላ ወንድ ታከማቻለች እያለ ነው። እሁድ ሽማግሌ ይዞ መጥቶ ማስተዋልን ሊወስዳት ነው። ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰሃን የምታጥብለት ልጅ ጥላው ሄዳለች። ይሄን ስሰማ ነገሩ ሁሉ ገባኝ። በክረምቱ እረፍት፣ ሰፊ ቤት ሄዳ ትጫወት ብዬ ስልካት፣ ማስተዋል የእጇ ቆዳ በሳሙና ተልጦ ነበር የተመለሰችው። ምን ሆነሽ ብላት፣ ጥሩ ነበር ከማለት ሌላ ቃል አልወጣትም።

እቴ አለምነሽ ደግ ናት፤ አንድ ዶሮ ልስጥሽ፣ ለሽማግሌዎቹ ሠርተሽ አብያቸው፣ ቀስ ብለሽ ትመልሽልኛለሽ አለችኝ። ልጄን ሊነጥቁኝ ነውና ፈራሁ፣ ልቀበላትም ቃጣኝ። ግን የመጪው ወር ደመወዝ ሳይመጣ በዶሮ ልበላው? ለዚያ ሰውዬ ብዬ ዶሮ መገንጠሉን ሳስበው ደግሞ ምራቄ መረረኝ። ያለኝን አቀርባለሁ አልኳት።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ የነፍስ አባታችንና አብረውህ በቅሎ ይጭኑ የነበሩት አያ ምስጋናው መጡ፣ ጋሽ ፈንታ ነጭ ጋቢ ለብሶ ከኋላቸው። ቀጭን ሽሮና የተቀቀለ ድንች አቀረብኩ። ጋሽ ፈንታ ገና ማዕዱ ሳይባረክ ንግግር ጀመረ። ይኸው አባቴ፣ በዓይንዎ ይዩልኝ፣ ቤቱ ባዶ ነው፣ እኔ ዘንድ እንኳን ልጅ ውሻ ጠግቦ ያድራል አለ። ባዶ ያደረገው እሱ! በላብኝ፣ ከዚያ የበላበትን ባዶ ምስክር አድርጎ ይዞ መጣ። እንዲህ ያለ ሰው ከአንተ ጋር ከአንድ ማህፀን ወጣ ብዬ ማመን አቃተኝ።

አያ ምስጋናው ቀስ ብለው ወደ ጓዳው ተመለከቱ። አንቺ ልጅ፣ ከአስማረ ጋራ ያን ሁሉ ዘመን ተራራውን ስንወጣ ስንወርድ የመመለሻ ስንቅ አጥተን ያደርንበት ቀን የለም፤ አንቺም ያንኑ ይዘሻል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ታዲያ ያ ስንቅ ወዴት ገባ? አሉኝ። ቤትህ የበላን እንግዳ በላኸው ማለት እንዴት እንደሚከብድ ታውቃለህ። ያን ጊዜ ማስተዋል ከጀርባዬ ብቅ ብላ፣ ጋሽ ፈንታ ከጓደኞቻቸው ጋር በልተውታል አለች።

ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች ብሎ ተቆጣ። የነፍስ አባታችን እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙት። ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ እናትሽ ዘንድ ይርብሻል? አሏት።

ማስተዋል መሬት መሬት እያየች መለሰች። እናቴ ቤት ርቦኝ አያውቅም አባቴ። የራበኝ ዳባት ነው። ሰው በልቶ ሲነሳ ከትሪው ላይ የቀረውን ነበር የሚሰጡኝ። ሰው ካላስተረፈ እንጀራ በጨው።

አስማርዬ፣ ወጥቼ አጥር ሥር አስመለስኩ። ልጅህ፣ የአንተ ልጅ፣ ማንነቱን የማታውቀው ሰው ጎርሶ የተወውን፣ ጣቱን የላሰበትን ስትበላ ክረምቱን ከረመች። በወንድምህ ቤት፣ ድስቱ ሙሉ እየፈላ። እኔን እንዳይከፋኝ ብላ እስከዚያ ቀን ደብቃኝ ኖራለች።

ስመለስ ሽማግሌዎቹ ከምግቡ እጃቸውን አንስተዋል። ጋሽ ፈንታ ላብ በላብ ሆኖ፣ ውሸት ነው፣ በአስማረ አጥንት እምላለሁ ሲል አያ ምስጋናው፣ አጥንቱንስ ተወው ፈንታ፣ ብዙ በልተህበታል አሉት። የነፍስ አባታችን ልጅቷ እናቷ ዘንድ ትኑር፣ አንተም ንስሐ ግባ ብለው ተነሱ። ጋሽ ፈንታ ጋቢውን ሰብስቦ ሰላም ሳይል ወጣ። አሁን ለበዓል በግ ይዤ እመጣለሁ፣ እንታረቅ እያለ ሰው ይልክብኛል። እርቁን ካህኑ ይዩት። በጉን ግን እዚያው ለደንበኞቹ ይረደው። ከበራፌ ቢደርስ ውሃ እሰጠዋለሁ፤ በአንተ ስም ግን ከእንግዲህ አንዲት ጉርሻ ከእጄ አይበላም።

የዚያን ቀን ራት ሌላ ሽሮ ሠራሁ። ትሪውን አጥቤ፣ ማንም እጁን ያላስገባበትን እንጀራ ዘርግቼ ለማስተዋል ብቻዋን አቀረብኩላት። አንቺስ አለችኝ፤ ብይ አልኳት። እስክትጠግብ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እሷ ስትነሳ የተረፋትን እኔ በላሁት። አንተን እያስታወስኩ የምኖረው እንዲህ ነው፣ አስማርዬ፤ እኔ በሕይወት እስካለሁ ልጅህ የማንንም ትራፊ አትበላም።

ባለቤትህ እናኑ