አልጠባ ያለው መስከረም

ዓርብ፣ ጳጉሜ 5 ቀን 1991

ዝናብ። እንጦጦ ላይ ሌላ ምን አለ? ጦርነቱ ሰሜን ነው፤ እኛ ሦስት ወታደሮች ከተማዋን ከአውሮፕላን ጠብቁ ተብለን እዚህ ካልሲ እናደርቃለን። ፈረንጁ መሐንዲስ ማሽኑን ተክሎ ጨረሰና ወረደ። «ቦምብ ከጣሉባችሁ ቀኑን ወደ ጠዋት ይመልሰዋል» አለ። ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። ሃምሳ አለቃ ገረሱ፣ «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» ብለው ተኙ።

ዱጋሳ መስከረም 1 የአንድ ቀን ፈቃድ አለው። ገና ያላያት ልጅ አለችው፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን። የቤታቸው ጣሪያ ከዚህ ይታያል። ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀኗ ነው ይላል። ማን ጠየቀው?

ይህን ደብተር ማሽኑ ሳጥን ውስጥ ደበቅኩት። ሃምሳ አለቃ ካገኙት ጮክ ብለው ነው የሚያነቡት።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜ 6

ዱጋሳ ሞተ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ የጠላት አውሮፕላን መጣ። አንድ ቦምብ ጣለ። ዱጋሳ የውሃ በርሜላችን ጋ ሸሚዙን እያጠበ ነበር። ለነገ ብሎ... ለልጁ ብሎ።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜ 6

እንዴት ብዬ ልጻፈው? ነቃሁ። ዱጋሳ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ካልሲውን ያሸታል። «ደርቋል እንዴ ይሄ?» አለኝ። አቀፍኩት። አለቀስኩ። «ምን ሆነሃል አንተ?» እሱ እስከ ሸሚዙ ድረስ ብቻ ነው የሚያስታውሰው። ሃምሳ አለቃ ግን ሁሉንም ያስታውሳሉ፤ ዓይናቸው ቀልቷል። ሬዲዮው ዛሬ ጳጉሜ 6 ነው አለ። ትናንት የጻፍኩት ደብተሬ ላይ አለ። ሳጥኑ ውስጥ ያለ ነገር አይመለስም ማለት ነው።

ማሽኑ ሠራ! ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ዱጋሳን ጎትተን ጉድጓድ ውስጥ ከተትነው። ቦምቡ በርሜሉን ብቻ በላ። ሲመሽ ከታች በየሰፈሩ ችቦ ሲለኮስ ሦስታችንም ቆመን አየን። ነገ አዲስ ዓመት ነው። ተመስገን።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜ 6

በርሜሉ ቆሟል። ሬዲዮው ያንኑ ይላል። አይሆንም... አይሆንም እንጂ።

ጳጉሜ 6 (ሰባተኛው)

ሃምሳ አለቃ ዱጋሳን «ፈቃዱን ተወው፣ ውረድና ልጅህን እይ» አሉት። ሮጠ። ከባሕር ዛፎቹ ግን ማለፍ አልቻለም። ይራመዳል፣ ይራመዳል፣ ዞሮ በርሜሉ ጋ ይመጣል። እኔም ሞከርኩት። ያው ነው። ጉዱንስ ሰማን፣ መስከረም ነው እንጂ አልጠባ ያለው።

ጳጉሜ 6 (አሥራ አንደኛው)

ሃምሳ አለቃ በጣታቸው ሲቆጥሩ ቆዩና፣ «ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜ ስድስት ናት። ማሽኑ ይሄን ያውቃል?» አሉኝ።

ፈረንጁ ጠይቆኝ ነበር። «አሥራ ሦስተኛው ወራችሁ ስንት ቀን ነው?» አለ። «አምስት» አልኩት። አምስት! በአራት ዓመት አንዴ ስድስት እንደምትሆን የማያውቅ አለ? ማሽኑ ለዛሬዋ ቀን ቦታ የለውም። ከእሷ በኋላ የት እንደሚሄድ ስለማያውቅ ወደ ጠዋት ይመልሰናል።

«ያውቃል፣ ነግሬዋለሁ» አልኳቸው።

ዋሸሁ።

ጳጉሜ 6 (አሥራ አራተኛው)

ትናንት ዱጋሳ ከጉድጓዱ ቀና አለና ፍንጣሪ አገኘው። እጄ ላይ ሞተ። ዛሬ ጠዋት ተነስቶ ካልሲውን አሸተተ።

ለምንድን ነው የማልናገረው? መጀመሪያ ቅጣት ፈርቼ ነበር። አሁን ሌላ ነው። ቁጥሩን ለማስተካከል ማሽኑ መጥፋት አለበት፤ ከጠፋ ደግሞ እስከ እኩለ ሌሊት አይነሳም። ያኔ የሞተ ሞተ ነው። እዚህ ግን ዱጋሳ ሁልጊዜ ይነሳል። እንዲህ ብንኖርስ? ምን አለበት?

ጳጉሜ 6 (አሥራ ስድስተኛው)

ዱጋሳ ጣሪያውን እያየ፣ «ስማ ፋኑ፣ ልጄ ዛሬም ሃያ ቀኗ ነው» አለ። ወደ እኔ ዞረና፣ «ጥርስ አታወጣም ማለት ነው?»

አልቻልኩም። ሁሉንም ተናገርኩ። ሃምሳ አለቃ፣ «ጳጉሜን መቁጠር የማትችል ምን ዓይነት ሐበሻ ነህ!» ብለው ጮሁ። እኛ ጴንጤዎች ቤት ከእሁድ ሌላ የሚቆጠር ቀን የለም ብል ማን ይሰማኛል? ዱጋሳ አልጮኸም። ያ ነው የባሰኝ።

«አጥፋው» አለ።

«ብትሞትስ?»

«አንዴ እሞታለኋ። እየደጋገሙ ከመሞት ይሻላል።»

ጉድጓዱን ዛሬ ብናጠልቀው ነገ ተደፍኖ ይጠብቀናል። ስለዚህ ነገ በማለዳ።

ጳጉሜ 6 (የመጨረሻው፣ እግዚአብሔር ካለ)

አንድ ሰዓት ላይ አጠፋሁት። አምስቱን ስድስት አደረግኩ። ከዚያ ስምንት ሰዓት ሙሉ ቆፈርን። ሃምሳ አለቃ በዚያ ዕድሜያቸው ከሁለታችን በላይ ቆፈሩ። ዱጋሳ መሀል ላይ ተነስቶ ሸሚዙን አጥቦ አሰጣ። ይህ ሰው ልብ የለውም?

ዘጠኝ ሰዓት። እሱን ከታች አስተኝቼ ላዩ ላይ ተኛሁበት። መሬቱ ዘለለ። አፈር ወረደብን።

«ዱጋሳ?»

አፈሩን ከፊቱ ላይ ጠረግኩ።

«ዱጋሳ!»

«ጆሮዬ ላይ አትጩህ» አለ።

ሳቅኩ። ሃምሳ አለቃ ጉድጓዱ ውስጥ እንደተቀመጡ አለቀሱ። ሸሚዙ እጅጌው ላይ ተበስቷል። ሸሚዙ ብቻ። አሁን ችቦው ከታች እየነደደ ነው። መተኛት ፈራሁ።

እሁድ፣ መስከረም 1 ቀን 1992

በርሜሉ የለም!

ቀና ስል ያየሁት እሱን ነው፣ አለመኖሩን። ሬዲዮው እንኳን አደረሳችሁ አለ። ሃምሳ አለቃ ከበርሜሉ የቀረውን ቁራጭ ብረት አንስተው ሳሙት። ዱጋሳ የተበሳውን ሸሚዝ ለብሶ፣ ፈቃዱን ኪሱ ከቶ ወረደ። ባሕር ዛፎቹ ጋ ደረሰ። አለፈ። ጠበቅን... አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት። አልተመለሰም።

ተመስገን። ዛሬ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል፤ ደስ የሚል እንቅልፍ።

ሰኞ፣ መስከረም 2

ዝናብ። ዱጋሳ በጠዋት ተመለሰ። ልጁ ሸሚዙ ላይ ሸንታበታለች። በርሜል ስለሌለን ድስቱን ወስዶ ያጥባል፤ ሃምሳ አለቃ «በምን ልንቀቅል ነው?» እያሉ ይጮሁበታል።

አጠገቡ ሄጄ ቁጭ አልኩ። «ስንት ቀኗ ሆነ?» አልኩት።

እኔ ጠየቅኩት።

«ሃያ ሁለት» አለ።