ከተራራው ሥር ያገኘሁት ሣርሽ

እህት ዓለም፣ እንዴት ሰነበትሽ? ከብቶቹስ?

ዛሬ እዚህ የተቀበለችኝ የሣር ተመራማሪ በመኪናዋ ተራራ አወጣችኝ። ጫፉ ላይ፣ ጥርስ በሚያንገጫግጭ ብርድና ጉም ውስጥ፣ ምን ባይ ጥሩ ነው? አንቺ ሁለት ዓመት ዘርተሽ ያረረብሽን ያንን ለስላሳ ሣር! እስከ ጉልበቴ ድረስ ለምልሟል።

“ጓደኛዬ ይሄንን ዘርታ እምቢ ቢላት፣ እጄ አልተባረከም ብላ ተስፋ ቆርጣለች” አልኳት።

“አገሯ ይሞቃል?”

“እንደ እሳት!”

ሳቀች። “ታዲያ እጇ ምን አጠፋ? ሣር ሁሉ ምግቡን የሚያበስለው በፀሐይ ነው፤ አበሳሰሉ ግን ይለያያል። ይሄኛው ብርድ ሲያገኝ ይፋፋል፤ ሙቀት ላይ ግን ጉልበቱም ውሃውም ይባክናል። የሙቀቱን ደግሞ ነይ ላሳይሽ።”

ቁልቁል በወረድን ቁጥር አየሩ እየሞቀ፣ ለስላሳው ሣር እየሳሳ ሄደ። ከተራራው ሥር ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ሜዳው ግን አረንጓዴ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳየው ክው አልኩ። አንቺ ከአጥርሽ ሥር እየተራገምሽ የምትነቅዪው ሸካራ ሣር ነው!

“በጥቂት ውሃ ብዙ የሚያበስል ባለሙያ ማለት እሱ ነው” አለችኝ። “ለጋ ሳለ ከብትም ይወደዋል።”

ፖስት ካርዱ ሞልቶብኝ ጠርዙ ላይ ነው የምጽፈው። የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ። ባለቤትሽንም ሰላም በይልኝ፤ ለስላሳው ሣር ያረረበትን ሜዳ ለማረስ አይቸኩል። አንቺም የአጥሩን ሣር እስኪያፈራ አትንኪው፤ ስመለስ ዘሩን አብረን እንለቅማለን። ናፍቀሽኛል።