የትራስህ ጥጥ

ውድ ተፈራ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ሊያልቅ ነው። ቁጭ ብዬ ስጽፍልህ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ረስቼህ አይደለም፣ ደክሞኝ ነው።

ቤቱ እንዳለ አለ። ጣሪያው ባንተ በኩል ማፍሰስ ስለጀመረ አልጋውን ወደ ግድግዳው ገፍቼ ሳፋ ደቅኜበታለሁ። ትሠራበት የነበረው ኬክ ቤት አልተዘጋም፤ ግን ስኳር እየጠፋ ሻይ ብቻ የሚሸጥበት ቀን በዝቷል። ባንኮኒው ጋ አዲስ አስተናጋጅ ቆሟል። በዚያ ሳልፍ ወደ ውስጥ አላይም። የስፌት ማኅበራችን አሁን የሚሰፋው ካኪ ብቻ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የወታደር ኮሌታና ኪስ። ከቴዎድሮስ አደባባይ ፒያሳ ድረስ ያለው ዳገት ድሮ እየተጨዋወትን የምንወጣው አልመስል እያለኝ፣ መሐል ላይ ቆሜ ሳልተነፍስ አልጨርሰውም። ቤት ስደርስ ደግሞ የቀበሌ ስብሰባ ይጠብቀኛል። ዓይኔን ገልጬ መተኛት ተምሬአለሁ።

የምጽፍልህ ግን ስለ ትራስህ ልነግርህ ብዬ ነው። ፈትቼዋለሁ። እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ጎረቤታችን ብዙነሽ፣ አትክልት ተራ ሽንኩርት የምትቸረችረው፣ በታመምክ ጊዜ ሎሚ ከገበያ እያመጣች፣ ራስህን ቀና አድርጋ ታጠጣህ የነበረችው ብዙነሽ፣ አርግዛ ነበር። ባሏ ግርማ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ አንዴ ብቻ በፈቃድ መጥቶ ነበር፤ ያኔ ነው የፀነሰችው። የመጀመሪያው እርግዝናዋ ትዝ ይልሃል። አንተ ከኬክ ቤቱ ክሬም ኬክ ይዘህ መጣህ፣ እኔ የክር ኮፍያ ሠራሁ፣ የግቢው ሰው ሁሉ ስም ሲያወጣ አመሸ። በሳምንቱ አስወረዳት። ሁለተኛውንም እንዲሁ አጣችው። ስለዚህ ዘንድሮ ሆዷ መደበቅ እምቢ ሲላት ቤቴ መጥታ፣ «ወርቅዬ፣ ምንም እንዳትገዢ። ስለሱም እንዳታነሺብኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት።

እሺ ያልኩት ከልቤ ነበር። ግን የምትወልደው በክረምት ነው። ክፍሏን ታውቃታለህ፣ በሐምሌ ግድግዳዋ ያልበዋል። በቀበሌው ሱቅ ብርድ ልብስ ከጠፋ ቆይቷል፣ ውጭ ያለው ዋጋው አይቀመስም። «እንዳትገዢ» አለች እንጂ «እንዳትሰፊ» አላለችም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ከማኅበራችን የሚተርፈው ቁርጥራጭ ካኪ ብቻ ነው። አባቱ ግንባር ላለ ሕፃን ካኪ ማልበስ አልሆነልኝም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ በረንዳ ላይ የሚሰፉትን ልብስ ሰፊዎች እየዞርኩ ቁርጥራጭ ለመንኩ። አንዱ አበባ ያለበት ፖፕሊን ሰጠኝ፣ ሌላው ሰማያዊ ገበር። «ለምንሽ ነው?» ሲሉኝ «ለድሪቶ» እላቸዋለሁ፣ ይስቃሉ። እሱን ቁራጭ በቁራጭ ገጣጠምኩት። መሐሉ የሚገባው ጥጥ ግን ጠፋ። መርካቶ ድረስ ሄጄ ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትራስህን ሳየው ሰነበትኩ። ልብሶችህን ለቤተ ክርስቲያን ስሰጥ እሱን አስቀርቼው ነበር። ራስህ ያረፈበት ቦታ እንደጎደጎደ ነው። ጠረንህ እንኳ ለቆታል፣ እኔ ነኝ አለ የምለው። አንድ ቀን ከሥራ እንደገባሁ፣ ጫማዬንም ሳላወልቅ፣ ምላጭ አንስቼ ጠርዙን ተረተርኩት። አላለቀስኩም። ማልቀስም አቅም ይጠይቃል። ጥጡ ተጋግሮ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ነበር። በእጄ እየፈለቀቅሁ፣ ፀሐይ ብልጭ ስትል እያሰጣሁ፣ ሲደምን እያስገባሁ ሰነበትኩ። ከዚያ ደጋን ተውሼ ነደፍኩት። ከአንድ ትራስ ያን ያህል ይወጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ክፍሉ ሞላ።

ጭኔ ላይ ዘርግቼ እየወሰወስኩ ሳለ ብዙነሽ ጨው ልትበደር ገባች። ቆማ አየችው።

«ለማን ነው?»

እሷን ዋሽቼ አላውቅም። መርፌዬን ጨርቁ ላይ ስሰካ ገባት።

«ሳይመጣ አነጠፍሽለት?» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አንቺ እንኳ?» ብላ ጨዉንም ሳትወስድ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ቧንቧው ጋ ስንገናኝ ባልዲዋን አንስታ ዞር ትላለች። ብርድ ልብሱን አጥፌ አልጋ ሥር ከተትኩት። አልተቀየምኳትም፣ ለመቀየምም ጉልበት አልነበረኝም። ግን ከግድግዳው ማዶ ሳቋ ሲጠፋ፣ አንተ በሄድክ ሰሞን የነበረው ጸጥታ ተመልሶ ገባ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዶፍ እየጣለ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። ነጠላዋ ረጥቧል፣ ጫማዋ በአትክልት ተራ ጭቃ ተለውሷል። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ወገቧን ይዛ ቆየች።

«ለሁለተኛው ምንም አላዘጋጀሁም ነበር» አለችኝ በመጨረሻ። «አንዲት ጨርቅ እንኳ። እሱም አልቆየልኝም።»



«መፍራቱም ደከመኝ፣ ወርቅዬ። አምጪው እስቲ።»

አውጥቼ ሰጠኋት። አገላብጣ አየችው። «ይሄ አበባው ያምራል» አለች። ቀጥላ ጥጡን ከየት እንዳገኘሁ ስትጠይቀኝ ነገርኳት። መዳፏን ጨርቁ ላይ አሳረፈች። «የተፈራ?» አለች። በመርፌ ክር አስገብቼ ሰጠኋት። እሷ ከአንድ ጫፍ፣ እኔ ከሌላው ይዘን ስንወሰውስ ዝናቡ አባራ። ስፌቷ ጠማማ ነው፤ አልፈታሁትም። መርፌውን እንደያዘች ተቀምጣ እንቅልፍ ወሰዳት፣ እኔም እንዳይወጋት ቀስ ብዬ ከጣቷ ወሰድኩት።

በነሐሴ ሴት ልጅ ወለደች። ከሆስፒታል ሲመጡ በር ላይ ጠበቅኋቸው። ልጅቷ ትንሽ ናት፣ ድምፅዋ ግን ግቢውን ሁሉ ይቀሰቅሳል። ብርድ ልብሱን ብዙነሽ ራሷ ከእጄ ተቀብላ ጠቀለለቻት። ለጠያቂ ሁሉ «የወርቅነሽ ድሪቶ ነው» ትላለች፣ ማንም እንዲነካው ግን አትወድም። ግርማ መወለዷን ይስማ አይስማ አናውቅም።  የክርስትና እናቷ እንድሆን ጠይቃኛለች። አልጋችን ላይ አሁን ያለው የኔ ትራስ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች እጄ ሲፈልግ አድሯል፣ አሁን እየለመደ ነው።

ይህን ስጽፍ ብዙነሽ ገላዋን እየታጠበች ነው፣ ልጅቷ እኔ ጋ ተኝታለች። ቅድም ስትነጫነጭ የማወራት ነገር ባጣ ስላንተ አወራኋት። ትሪውን በአንድ እጅ ከፍ አድርገህ በሰው መሐል እንዴት እንደምታልፍ፣ ደንበኛ ሲቆጣህ እንዴት ጆሮህን እንደምታክ፣ አልጋ ይዘህ እንኳ እናቷን እንዴት ታስቃት እንደነበር። ዓይኗን አፍጥጣ ሰማችኝ። ስምህን ከፍ አድርጌ ከጠራሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር፤ ለጆሮዬ እንግዳ ሆነብኝ።

ትልቅ ቃል የምገባበት አቅም የለኝም፣ ድካሜን ታውቃለህ። እስካለሁ ግን አነሳሃለሁ፣ ለዚህች ልጅም ስላንተ እነግራታለሁ። ሳታይህ የምታውቅህ አንዲት ሰው በግቢያችን ተጨምራለች።

ያንተዋ ወርቅነሽ