ከስድስቱ ሦስቱ የት ገቡ?

ሮቤ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018

አንተ ዳጊ፣ ያገባኛል!

"አንቺ ከዘጠነኛ ክፍል ጥለሽ የወጣሽ፣ ስለ ኬሚስትሪ ምን አገባሽ?" ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው፤ ቀጥለህም ቁጥሬን ብሎክ አደረግከው። ጎበዝ! ብሎክ የማይደረግ ነገር ላሳይህ፤ ወረቀት። ይዛልህ የምትመጣው ቢፍቱ ናት፣ የጎረቤታችን የጤቤ ልጅ፤ ነገ በሌሊቱ አውቶቡስ ትነሳለች። እሷን ብሎክ አድርጋት እስቲ፣ በጥፊ ነው የምትልህ።

ለመሆኑ ደህና ነህ ወይ፣ ኦቦሌሳ ኮ? ራስ ምታቱስ ለቀቀህ? ብናደድም ወንድሜ ነህ፣ ምን ላድርግ።

እኛ ደህና ነን። ሲናና ወረዳ ስንዴው ደርሶ ኮምባይነሩ እንደ ጉድ ነው፤ ሱቅ ውስጥ መለዋወጫ ሳቀብል ስለምውል እጄ ግሪስ በግሪስ ሆኗል። ወረቀቱ የጠቆረው ለዛ ነው፣ እንዳትስቅ። እማዬ አሁንም "ልጄ አዲስ አበባ ክሮም ላይ ነው የሚሠራው" እያለች ታወራለች። ባለፈው አንዱ ሾፌር "እትዬ፣ እንግዲያው የመኪናዬን ፓራውልት ያብለጭልጭልኝ" ሲላት "እነግረዋለሁ" አለችው! አላረምኳትም። እውነተኛውን ብነግራት እንቅልፍ የላትም።

እኔ ግን በፋሲካ መጥተህ ያስረዳኸኝን አንዱንም አልረሳሁም። የምትሠራበት ዱቄት ውስጥ ክሮሙ መሃል ይቆማል፣ ስድስት ካርቦን ሞኖክሳይድ ዙሪያውን ይይዙታል። ነጭ ነው፣ ስኳር ይመስላል፣ ውሃ ግን አያሟሟውም። ክፍት ከተተወ ሳይቀልጥ ቀስ እያለ ይተናል፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ለብል እንደምናስቀምጠው ናፍታሊን። "ስለዚህ ተከድኖ፣ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ይቀመጣል፤ ሲነካ በጓንት፣ ያውም ጭስ በሚስበው የመስታወት ሳጥን ውስጥ ብቻ" አልክ። "ብቻ" ስትል ጣትህን ቀስረህ ነበር እኮ፣ እንደ ዩኒት ሊደር!

ከቤንዚን ጋር ሲሞቅ ሌላ ነገር ይሆናል ስትለኝ "ናፍጣስ አይሆንም?" ብዬህ አንድ ሰዓት ሳቅክብኝ። የመኪናው ቤንዚን እንዳልሆነ በምን ልወቅ? ከዛ የአባዬን በርጩማ አምጥተህ አሳየኸኝ። መቀመጫው ቤንዚን፣ ከሥሩ ክሮም፣ ሦስቱ እግሮች ካርቦን ሞኖክሳይድ። ቢጫ ክሪስታል ነው አልክ። ምን ይሠራል ስልህ "ክሮሙ ቤንዚኑን ከታች ስለሚጋርደው፣ የምንጨምረው ነገር ከላይ ብቻ ነው የሚገባው። ሰው በርጩማ ላይ በእግሮቹ በኩል ይቀመጣል እንዴ? መድኃኒት ለመሥራት ይጠቅማል፤ ሲያልቅ ክሮሙን ማውለቅ ነው" አልከኝ። አቦ፣ እንዴት እንደኮራሁብህ! በማግስቱ ሱቅ ውስጥ ለሁሉም አወራሁት፤ ማንም አልገባውም፣ እኔ ግን ገብቶኛል።

ስለገባኝ ነው እንግዲህ ትናንት በስልክ የጮህኩት። "የሳጥኑ ፋን ተበላሽቷል፣ ጠጋኝ እስኪመጣ ምረቃው ያልፈኛል፤ እሁድ ላቦራቶሪው ባዶ ሲሆን ጠረጴዛ ላይ አሞቀዋለሁ" አልክ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩህ።

"ስድስት ነበሩ አላልክም? በርጩማው ሦስት እግር ነው ያለው። ሦስቱ የት ገቡ?"

ከዛ ነው ዘጠነኛ ክፍልን ያመጣህብኝ።

ዳጊዬ፣ ሦስቱ ወደ ክፍሉ ነው የሚወጡት። አንተ ነህ የምትስባቸው። ከኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ ስለምታውቀው ነው የተናደድከው።

ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ነው። ሮቤ በሙሉ ቆሻሻ እያቃጠለ ፀሐይዋ እንኳን አትታይም። ሰው በሩን ሲዘጋ እማዬ የኛን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ጤቤ "ኧረ ወለተ ማርያም፣ ጭሱ ይገባል!" ስትላት ምን አለቻት መሰለህ? "የሚታይ ጭስ ሰው አይገድልም።"

ጎባ ያደርንበት ሌሊት ትዝ አለኝ፤ ያ ብርድ፣ ያ የከሰል ማንደጃ፣ የተዘጋው መስኮት። እማዬን ጎትተህ ያወጣሃት አንተ ነህ፤ አባዬ ላይ ግን አልደረስክም። ምንም አልሸተተንም እኮ። "ይሄን ጋዝ አውቀዋለሁ" ብለህ ኬሚስትሪ የገባኸው ለዛ አይደል? ታዲያ አሁን ራስህ ልታወጣው ነው?

እኔ ትምህርት የተውኩት ጠግቤ ነው ብለሃል። ይሁን። ያን ሰሞን አንተ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስትሄድ እማዬ ጋ ማን ይውል እንደነበር አልጠየቅከኝም፣ እኔም አልነግርህም።

ለአስተማሪህ ንገረው። ምረቃው ይለፍ። ዘንድሮም ሆነ ለከርሞ እማዬ ያው ናት፣ እልል ነው የምትለው። እልል የምትልለት ሰው ግን መኖር አለበት።

ሚካኤል በክንፉ ይጋርድህ፤ ዛሬ በዓሉ ነው፣ አደራ ብዬዋለሁ። ግን እሱም ፋን አይጠግንም። እማዬ በሁለት እጇ ጉንጭህን ይዛ ሳመችህ በይው ብላኛለች።

ዘጠነኛን ጥላ የወጣችው እህትህ፣
ሐመልማል

ቢፍቱ ይሄን እንደሰጠችህ ብሎኩን አንሳ። ስትደውል ደግሞ "ደህና ነኝ" እንዳትለኝ፣ እሱን አባዬም ብሎን ነው የተኛው። "እሁድ አላሞቀውም" በለኝ። ስልኩን ከእጄ አላወርድም። ጀምበር ሳትጠልቅ ደውል፣ ደውል ብያለሁ!